ከጆሮ በፊት እግር የሚያውቀው የፍሬን ችግር

ብዙ አሽከርካሪ ፍሬኑን የሚከታተለው በጆሮው ነው፤ ካልጮኸ ደህና ይመስለዋል። እኔ እግርን አስቀድማለሁ። አደገኛ ከሆኑት ብልሽቶች ብዙዎቹ ድምፅ የላቸውም።

ፔዳሉ ከለሰለሰ፣ ወይም ደጋግመው ሲረግጡት ብቻ ከጠነከረ፣ የፍሬን ዘይት መስመሩ ውስጥ አየር ሊኖር ይችላል። ዘይት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል፤ የእግርዎ ጉልበት ጎማውን ይዞ የሚያቆመው ሸራ ጋ ሳይደርስ አየሩን በመጭመቅ ያልቃል። ያረጀ ዘይትም እዚሁ ያደርሳል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሜዳ ላይ ምንም አይታወቅም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ነው ዘይቱ ፈልቶ ፔዳሉ ወለል የሚነካው። ለዚህ ነው በየ2 ዓመቱ ይቀየር የሚባለው።

መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ለ30 ሰከንድ ያህል አጥብቀው ይያዙ። ቀስ እያለ ከሰመጠ ዘይት እያመለጠ ነው። ጎማዎቹ ጀርባ እርጥበት ከሌለና የዘይቱ መጠን ካልቀነሰ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን የማስተር ሲሊንደር የውስጥ ጎሚኒ ይጠርጥሩ። ይህ መኪና ወደ ጋራዥም ቢሆን ተጎትቶ ይሂድ እንጂ አይነዳ።

ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ የእግርዎን ጉልበት የሚያግዘው ሰርቮ ይፈተሽ፦ ሞተሩን አጥፍተው 5 ጊዜ ይርገጡ፣ እግርዎን ከፔዳሉ ሳያነሱ ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካላለ ሰርቮው ወይም የአየር ቱቦው ችግር አለበት።

ድምፅም የራሱ ትርጉም አለው። ቀጭን ፉጨት ሸራው ማለቁን የምትጠቁመው ብረት ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ስትነካ ይሰማል፤ ሸራው 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መቀየር አለበት። መፋቅ ከሆነ ግን ብረት ከብረት ተገናኝቷል፣ ዲስኩም እየተበላ ነው። ከዝናብ ማግሥት ጠዋት ተሰምቶ ከጥቂት ረገጣ በኋላ የሚጠፋው ድምፅ የዲስክ ዝገት ነው፤ አያስጨንቅም።

ፍሬን ሲይዙ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የዲስኩ ውፍረት ተበላልጧል። ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ከጉዞ በኋላ እጅዎን ሳያስነኩ ወደ ቸርኬዎቹ ያስጠጉ፤ ከሌላው እጅግ የጋለው ያልለቀቀ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ሊኖረው ይችላል።

የዘይቱ መጠን ሲቀንስ ዝም ብሎ መሙላት ምልክቱን መደበቅ ነው፤ ወይ ሸራ አልቋል፣ ወይ ዘይት ይፈሳል። የሞተር ዘይትማ ጠብታም አይግባበት፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል።