በየወሩ ሳይሆን በየ28 ቀኑ

በካንሰር ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ አንድ ጊዜ በቀጠሮ ካርድ ላይ «በየወሩ» ብዬ ጻፍኩ። ካርዱ የ36 ዓመት ሴት ነበር። የጡት ካንሰሯ ወደ አጥንቷ ተሰራጭቶ ነበር፤ ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የሚያሳድገው ዓይነት በመሆኑም ሐኪሟ በየዕለቱ የሚዋጥ 2.5 ሚሊ ግራም ሌትሮዞልና ከእምብርት በታች፣ ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ 3.6 ሚሊ ግራም ጎሴሬሊን አዘዘላት። ጎሴሬሊን ፈሳሽ ሳይሆን የሩዝ ፍሬ የምታህል ዘንግ ስለሆነ መርፌው ወፍራም ነው። መርፌው እስኪወጣ ድረስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የጋውኔን እጅጌ ትይዝ ነበር።

ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው የታዘዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ሌትሮዞል ሰውነት ኢስትሮጅን የሚሠራበትን ኢንዛይም ይገታል፤ ላረጠች ሴት ይህ ይበቃል። ኦቫሪዋ፣ ማለትም እንቁላልና ኢስትሮጅን የሚያመነጨው አካሏ፣ በሚሠራ ወጣት ሴት ግን ኢስትሮጅን ሲቀንስ አንጎል ጉድለቱን ለመሙላት ኦቫሪን ይበልጥ ያነሣሣል፤ ይኸው ሌትሮዞል መውለድ ለተቸገሩ ሴቶች እንቁላል ማነቃቂያ ሆኖ የሚሰጠውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ጎሴሬሊን ከአንጎል የሚመጣውን ትእዛዝ ይዘጋል፤ የሚዘጋው ግን በየ28 ቀኑ ሲታደስ ነው።

እኔ የጻፍኩት «በየወሩ» የሚለው ቃል በወር ውስጥ በማንኛውም ቀን ማለት ሆኖ ተሰማት። በአንዱ ወር መጀመሪያ ላይ ተወግታ ሄደች፤ ቀጥሎ እናቷን ስታስታምም ሰንብታ በሚቀጥለው ወር አጋማሽ፣ በ47ኛው ቀን መጣች። ቀኑን ሳልቆጥር መርፌውን ከማሸጊያው ላወጣ ስል ፈገግ ብላ «ሲስተር፣ የወር አበባዬ ተመለሰ፤ ሰውነቴ እየዳነ ነው መሰለኝ» አለችኝ።

ማሸጊያውን መልሼ አስቀመጥኩና ሐኪሙን ጠራሁ። እርግዝና አለመኖሩ ተረጋገጠ፤ በደም ምርመራው ግን ኢስትሮጅኗ ኦቫሪዋ እንደሚሠራ ሴት ከፍ ብሎ ተገኘ። መርፌውን በዚያው ዕለት ወጋኋት። ከሁሉ የከበደኝ «ክኒኑን እኮ አንድም ቀን አላጓደልኩም» ማለቷ ነው። እውነቷን ነበር፤ ያ ሁሉ ጥንቃቄዋ መርፌው በዘገየባቸው ቀናት የሚገባውን ጥቅም አልሰጣትም። ጉድለቱ ከጻፍኩት ቃል እንደመጣና እሷ ጥፋት እንደሌለባት ነገርኳት። ስህተት በሚመዘገብበት ቅጽም ላይ እንዲሁ መዘገብኩ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ታካሚ ላይ መጣል ቀላል ስለሆነ ይህን ማድረግ ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ በካርድ ላይ የምጽፈው 28 ቀን ቆጥሬ የደረስኩበትን ቀን ነው፤ ቀኑ ሁለት ሲቀረውም እደውላለሁ። መርፌውን ከመክፈቴ በፊት ደም ታይቷት እንደሆነ እያንዳንዷን እጠይቃለሁ። ኬሞቴራፒ የወሰደች ሴት የወር አበባዋ ቢቀርም ኦቫሪዋ ሊሠራ ስለሚችል፣ «አልመጣም» የሚለውን መልስ ብቻ ይዤ አልቀመጥም፤ ጥርጣሬ ካለ ሐኪሙ የሆርሞን ምርመራ እንዲያዝ አሳስባለሁ። ያቺ ታካሚ በቀጣዩ ቀጠሮ በ28ኛው ቀን ጠዋት መጣች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው ከማዞሯ በፊትም የሚቀጥለውን ቀን በጣቷ ቆጥራ ከካርዱ ጋር አመሳከረች።