ኪሎ ሜትር ለለመደ ሰው እንግሊዝኛ

አዳማ ያደገ ሰው ርቀትን በኪሎ ሜትር፣ ጨርቅን በሜትር፣ ቁመቱን ደግሞ በሜትርና በሴንቲ ሜትር እየለካ ስለሚኖር፣ አሜሪካ ሲገባ እንግሊዝኛው ቢቃናለትም ልኬቱ ይጎረብጠዋል። እኔ በነርስነት የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። በቅርቡ ቤተሰብ ለመጠየቅ አዳማ በሄድኩበት ጊዜ የእህቴ ልጅ ይህንኑ ጉዳይ ደብተሯን ይዛ መጣችልኝ፤ ባሏ ዘንድ ለመሄድ ጉዳይዋን ጨርሳ የጉዞዋን ቀን የምትጠብቅ ልጅ ናት። መምህሯ የርዝመት መለኪያ ያለባቸው የዕለት ተዕለት ዓረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ኑ ብሏቸው ኖሮ፣ ከአዳማ ወንጂ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ለመጋረጃ አራት ሜትር ጨርቅ ገዛሁ፣ ቁመቴ 165 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሉ ዓረፍተ ነገሮችን በንጹሕ ጽሑፍ ደርድራለች።

ሰዋስዉን በተመለከተ ያረምኩላት አንድ ነገር ብቻ ነበር። እኛ አሥር ሜትር እንላለን እንጂ አሥር ሜትሮች ስለማንል እርሷም በእንግሊዝኛው «ፎር ሜተር» ብላ ጽፋ ነበርና፣ የብዙ ቁጥሩን «ስ» ጨምራ «ፎር ሜተርስ» እንድትል ነገርኳት። መለኪያው ከስም ፊት ቀድሞ ገላጭ ሲሆን ግን «ስ»ው ይቀራል፤ «ኤ ፋይቭ ኪሎሜተር ሮድ» እንጂ «ኪሎሜተርስ ሮድ» አይባልም። «አክስቴ፣ ታዲያ ሌላው ሁሉ ትክክል ነው?» አለችኝ። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ትክክል መሆኑና ቨርጂኒያ ውስጥ ከሰው አፍ የሚሰማ መሆኑ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ወንጂን በሚመለከተው ዓረፍተ ነገር እንጀምር። ሪችመንድ ከተማ መንገድ ላይ ያቆመችውን ሰው አሥር ኪሎ ሜትር ብትለው ትርጉሙን ባያጣውም፣ ስድስት ማይል ገደማ መሆኑን ለማስላት ፊቱን ቋጠር ያደርጋል። እንዲያውም አሜሪካውያን ብዙውን ጊዜ ማይሉንም ትተው ርቀትን በደቂቃ ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተውን፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ አንድ አሜሪካዊ ቢገልጸው፣ 53 ማይል ከማለቱ በፊት የአንድ ሰዓት መንገድ ነው ማለቱ የማይቀር ይመስለኛል። የመጋረጃው ጨርቅም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ጨርቅ የሚቆረጠው በያርድ ሲሆን የተሰፋ መጋረጃ ደግሞ በኢንች ይሸጣል፤ በየመደብሩ የተለመደው ባለ 84 ኢንች መጋረጃ 213 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ሜትር በአሜሪካ የተከለከለ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1866 የወጣ ሕግ በሜትሪክ መለካትን ፈቅዷል፤ አገሪቱ የ1875ቱን የሜትር ስምምነት ከፈረሙት አንዷ ናት፤ በ1975 ደግሞ ወደ ሜትሪክ መሸጋገርን የሚያበረታታ ሕግ ጸድቋል። ሆኖም ሽግግሩ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ስለነበር ለዚሁ የተቋቋመው ቦርድ በ1982 ፈረሰ፤ ሕዝቡም በማይሉ ቀጠለ። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ከ1959ኙ ዓለም አቀፍ ስምምነት ወዲህ ኢንች ራሱ የሚተረጎመው በሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው፤ አንድ ኢንች በትክክል 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ የጠላነው ሜትር ከሥር ሆኖ ይለካልናል ማለት ነው።

ለእህቴ ልጅ በሰፊው የነገርኳት ግን ሜትሪክ ያለ ምንም እንግድነት የሚነገርባቸውን ቦታዎች ነው። የመጀመሪያው የእኔው የሥራ ቦታ ነው። እኛ ነርሶች የቁስልን ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት የምንመዘግበው በሴንቲ ሜትር ነው፤ ሐኪሙ ስለ ዕጢ ሲናገርም እንዲሁ። ከማዋለጃ ክፍል ውጭ የተቀመጠች፣ ዕድሜዋን ሙሉ በፊት (በጫማ) እና በኢንች ስትለካ የኖረች አሜሪካዊት አያት እንኳ በስልክ ለዘመድ ስታወራ ልጄ ስድስት ሴንቲ ሜትር ደርሳለች ትላለች፤ የማኅፀን በር አሥር ሴንቲ ሜትር ሲሆን መውለጃው እንደደረሰም ማንም አያስረዳትም። ያችው ሴት ግን መጋረጃ ልትገዛ ስትወጣ ሴንቲ ሜትር ብትባል ግራ ይገባታል።

ሁለተኛው ሩጫ ነው። በየሠፈሩ ቅዳሜ ጠዋት የሚደረገው የጎዳና ሩጫ «ፋይቭ ኬ» ወይም «ቴን ኬ» ይባላል፤ «ኬ»ዋ ኪሎ ሜትር መሆኗን ማንም ልብ አይላትም። የትምህርት ቤት ሯጮች የሚወዳደሩት በ1,600 ሜትር ሲሆን አንድ ማይል ደግሞ 1,609 ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ዘጠኟን ሜትር ይቅር ብለው ውድድሩን ማይል ሲሉት እሰማለሁ። ከአዳማ ወደ ደቡብ ሲወጣ የምትገኘው የአሰላ አካባቢ ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ወርቅ ያጠለቀውም በ10,000 ሜትር ነው፤ እዚያው በማይል አገር።

ጋራዥ የገባም ሰው አሥር ሚሊ ሜትር መፍቻ አምጡልኝ ሲባል ይሰማል፤ አንዳንዱ ሽጉጥ በሚሊ ሜትር ይጠራል፤ ወታደሮችም ኪሎ ሜትርን «ክሊክ» ይሉታል። ወደ ሰሜን ተሻግራ ካናዳ ብትኖር ኖሮ የመንገድ ምልክቶቹ ከእ.ኤ.አ. 1977 ጀምሮ በኪሎ ሜትር ስለሆኑ የወንጂው ዓረፍተ ነገሯ እንዳለ ያገለግላት ነበር፤ ቁመታቸውን ግን ካናዳውያንም በፊትና በኢንች ያወራሉ። እንግሊዞች ደግሞ ጨርቅ በሜትር ሸጠው መንገዱን በማይል ይጽፋሉ።

ይህን ስናወራ የእህቴ ባል አጠገባችን ተቀምጦ ሰርቪስ ቤት ለመሥራት የሚገዛውን ዕቃ ይጽፍ ነበርና ዝርዝሩን አየሁት። ፌሮው ባለ 12 ነው፣ በሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ ቧንቧው ግን ባለ ግማሽ ኢንች ነው፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥንም ባለ 43 ኢንች ነው። እዚህም ቤት ሁለቱ ልኬቶች ተጎራብተው እየኖሩ ነው፤ ማንም ግን አልታወከም።

ስለዚህ ከዓረፍተ ነገሮቿ አንዱንም እንዳትሰርዝ፣ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ጎን ማይሉን፣ ያርዱንና ኢንቹን እንድትጽፍ መከርኳት። በተለይ ቁመቷን አምስት ፊት ከአምስት ኢንች ብላ በቃሏ እንድትይዝ አሳሰብኳት፤ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ የሚጠይቋት በፊትና በኢንች ነውና።