ፖዝ

እሁድ ከሰዓት ነው። ደሴ ላይ ጉም ወርዷል። ጦሳ ከወገቡ በላይ አይታይም። እናቴ ሳሎን ውስጥ ሦስት ሆነን፣ ጋቢ ደርበን፣ አንድ ያረጀ ፕሌይስቴሽን 2 ፊት ተቀምጠናል። አንዱ ጓደኛዬ አስተማሪ ነው። ሌላው አራዳ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። ሦስታችንም 37 ዓመት ሞልቶናል።

አንድ ለአንድ ነን። 63ኛው ደቂቃ ላይ መሀል ሜዳ ኳስ ቀምቼ ወደፊት እየሄድኩ ነው። መምህሩ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አሳረፈና «እስኪ ፖዝ አድርጋት» አለኝ።

ጨዋታውን ባለበት የምታቆመውን፣ ስታርት የምትለዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ለካ ስለ ልጁ ሊነግረን ፈልጎ ነው። አምስት ዓመቷ ነው። ፊደል ጀምራለች። ግን ከ«ሀ» ሳይሆን ከ«መ» ነው የምትጀምረው፣ የስሟ መጀመሪያ ስለሆነ። ማንም ቢመክራት አትሰማም። እናቴ ከረከቦቱ ጀርባ ሆና እስክትጠግብ ሳቀች። ከዚያ ወሬው ወደ ትምህርት ቤት ሄደ፣ ከዚያ ወደ ቤት ኪራይ፣ ከዚያ ወደ ጎማ ዋጋ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አይቀርም። ጆይስቲክ የነካ የለም።

ከ25 ዓመት በፊት እንዲህ ያደረገ ሰው ከጌም ቤት ይባረር ነበር።

ቧንቧ ውሃ አካባቢ የነበረችውን ጌም ቤት ማለቴ ነው። የቆርቆሮ በር፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ሁለት ቴሌቪዥን። ደጅ ላይ ጆተኒ ነበር። አንዴ ውስጥ የገባ ልጅ ግን ወደ ጆተኒው አይመለስም። 1993 ዓ.ም. ነው፣ 12 ዓመቴ። ጨዋታው ዊኒንግ ኢለቨን የሚባል የእግር ኳስ ጌም ነው፣ ዲስኩም የጃፓን። ሜኑው ከላይ እስከ ታች በጃፓን ፊደል ተጽፏል። ከመሀላችን አንዲት ቃል የሚያነብ አልነበረም። ቦታውን ግን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። «ሁለት ወደታች፣ አንዴ ክብ» ይላል ከኋላ የቆመው። በጃፓን ዲስክ «እሺ» የምትለው ቁልፍ ክቧ ናት። ከዓመታት በኋላ የእንግሊዝኛው ሲመጣ «እሺ» ወደ ኤክስ ተዛወረች። ጣታችን ለሳምንታት እምቢ አለን።

ማሽኑ ደግሞ ተገልብጦ ነበር የሚቀመጠው። በመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽኖች ዲስክ የሚያነበው ሌንስ የሚንሸራተትበት ክፍል ፕላስቲክ ነው። በሙቀትና በሥራ ብዛት ያልቃል፣ ሌንሱም ያዘነብላል። ሲገለብጡት ሌንሱ ወደ ቦታው ይጠጋና ዲስኩን ያነባል። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ፕሌይስቴሽን የሚባል ዕቃ ሁሉ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጨዋታ 50 ሳንቲም ነበር። ተሸናፊ ይነሳል፣ አሸናፊ ይቀጥላል። ቅዳሜ ከሆነ አሥር ደቂቃ ለመጫወት ሁለት ሰዓት መቆም አለ። ጌም የተማርኩት ቆሜ ነው። ማን በግራ እንደሚያጠቃ፣ ማን ሲደነግጥ በረኛውን እንደሚያስወጣ፣ ማን ከመሸነፉ በፊት ዝም እንደሚል አውቅ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ አሥራ አምስት ልጅ ቆሞ ይተነፍሳል። ያ ትንፋሽ አንገቴ ላይ አሁንም አለ።

የቤቱ ባለቤት ሁለት ሕግ ነበረው። ጋሼ ነበር የምንለው። አንደኛ፣ መሳደብ ክልክል ነው። ሁለተኛ፣ ፖዝ ክልክል ነው። ሁለተኛው ይብስ ነበር፤ ፖዝ ያደረገ የወረፋተኛውን ደቂቃ ሰረቀ ማለት ነው።

አንድ ቀን እናቴ ወፍጮ ቤት ላከችኝ። እህሉን ወረፋ አስያዝኩና ወደ ጌም ቤት ሮጥኩ። ሁለት ለአንድ እየመራሁ ሳለ ክፍሉ ጨለመ። ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ ነጠላዋ ላይ ዱቄት ቦኗል። «ዱቄቱን ማን እንዲያመጣልህ ነው?» አለች። ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም። እኔ ደንግጬ ስታርትን ተጫንኩ። ጋሼ ወዲያው፣ «ልቀቃት! ሰው እየጠበቀ ነው!» አለ። ልጆቹ ጮኹ። ጆይስቲኩን ለቅቄ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ሌላ ልጅ የኔን ቡድን ይዞ መጫወት ጀምሯል። መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ። እናቴ ቁጣዋን ፈርቼ መስሏት «አብሽር፣ አልመታህም» አለችኝ። ያስለቀሰኝ ግን ሁለት ለአንድ እየመራሁ መነሳቴ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. አራት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 2 ገዛን። የተቀመጠው እኛ ቤት ነው፣ ደህና ቴሌቪዥን ያለው እናቴ ጋ ስለነበር። ጨዋታው ፔስ 6 የሚባል የእግር ኳስ ጌም ነው፣ የጃፓኑ ኩባንያ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው። የተጫወተ ሰው ኢንተር ሚላን ውስጥ የነበረውን አድሪያኖን አይረሳውም። የሹቱ ጉልበት 99 ነበር። ከየትም ይምታ፣ በረኛው ኳሷን ከመረብ ያወጣታል። ኢንተርን መያዝ ስለሚያጣላን በስምምነት ከለከልነው።

አራተኛው ጓደኛችን ለብቻው ማስተር ሊግ ነበረው፣ ተጫዋች እየገዙና እየሸጡ ቡድን የሚገነቡበት የጌሙ ክፍል። ማስተር ሊግ ሲጀመር ጨዋታው በእውነቱ ዓለም የሌሉ፣ ደካማ ተጫዋቾች ይሰጥሃል። ካስቶሎ፣ ሚናንዳ፣ ሂሜሌዝ። ሰው ሁሉ ቶሎ ሸጧቸው የታወቁ ተጫዋቾችን ይገዛል። እሱ ሚናንዳን አልሸጥም አለ። «ከመጀመሪያው አብሮኝ የነበረ ልጅ ነው» ይል ነበር። ሦስታችንም ቀልድ መስሎን ነበር። ቀልድ አልነበረም።

በዚያ ዕድሜ ለኔ ደስታ ማለት ማሸነፍ ነበር። መለዋወጫ ነጋዴው በመጨረሻ ደቂቃ አንድ ጎል አገባብኝና ሦስት ሳምንት አላናገርኩትም። መንገድ ላይ ሲያየኝ «እንዴት ነህ» ይለኛል፣ እኔ አልፈዋለሁ። አሁን ድረስ ያሳፍረኛል።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ ሥራ መጣ። ኮምቦልቻ ቤት ተከራየሁ። ማታ ማታ በላፕቶፕ ፊፋ እጫወት ነበር፣ ብቻዬን፣ ከኮምፒውተሩ ጋር። ሁሉንም ዋንጫ በላሁ። ምንም አልተሰማኝም። ሰዉ «አድገሃል እኮ» ይለኛል። እኔም እውነት መስሎኝ ተውኩት።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት እናቴን ይዘን ከደሴ ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቴሌቪዥኑም ፕሌይስቴሽኑም የስፌት መኪናውም የለም። የስፌት መኪናው መሳቢያ ግን መሬት ላይ ወድቆ ቀርቷል። ውስጡ የክር ጥቅልል፣ የኮት ቁልፎችና የጀመርነው ጨዋታ የሚቀመጥበት የፕሌይስቴሽን 2 ሜሞሪ ካርድ። 8 ሜጋባይት ነው፣ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ያነሰ። እናቴ ለምን እዚያ እንዳስቀመጠችው ጠየቅኳት። «የእናንተ ነገር መስሎኝ» አለች።

ከዓመት በኋላ ነጋዴው ያገለገለ ማሽን አገኘ። ፕሌይስቴሽን 2 ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ሶኒ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፣ ስለዚህ ፈላጊ ካለ አሮጌው ከየጓዳው ይወጣል። ካርዱን ሰካነው። ማሽኑ ጥቂት ካሰበ በኋላ አራታችን የጀመርነውን ሊግ አወጣው። 11ኛው ሳምንት ላይ ቆሟል። ቀጣዩ ጨዋታ የኔና የአራተኛው ነው። ያቆምነው በ2003 ዓ.ም. እሱ ሪያድ ሲሄድ ነበር። ማናችንም «እንቀጥለው» አላልንም። ወጣንና የወዳጅነት ጨዋታ ጀመርን። ሊጉ እንደቆመ ነው፣ እስኪመጣ።

እጃችን እንደ ድሮው አለመሆኑን በመጀመሪያው እሁድ አወቅን። እ.ኤ.አ. በ2014 በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስታርክራፍት 2 የሚባል የኮምፒውተር ጌም የሚጫወቱ 3,305 ሰዎችን መረጃ አጥንተው ነበር። ከ16 እስከ 44 ዓመት ያሉ ናቸው። ላዩት ነገር ምላሽ የሚሰጡበት ፍጥነት መቀነስ የሚጀምረው 24 ዓመት ላይ ሆኖ ተገኘ። ሃያ አራት! እኛ ካለፍነው ቆየ። የወደድኩት ግን ሌላውን ግኝት ነው። በዕድሜ ከፍ ያሉት ተጫዋቾች የጠፋውን ፍጥነት ቀለል ባለ ዘዴ ያካክሱታል። እኛም ሳናውቀው ያደረግነው ይህንኑ ነው። እኔ አብዶ መሥራት ትቻለሁ። አቀብላለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ አቀብላለሁ። መምህሩ ተከላካዮቹን ከቦታቸው አያንቀሳቅስም። ጨዋታው ዘገየ፣ እኔም ሜዳውን ማየት ጀመርኩ። በ19 ዓመቴ የማየው ኳሷን ብቻ ነበር።

ስልክ ላይ ያሉትን ጌሞች ሞክሬያለሁ። ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ የሐረጎ ጠመዝማዛ እስኪጀምር ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ጡብ የሚደረድሩትን ዓይነት እጫወታለሁ። እሱ ደህና ነው፣ ኪስ ስከተው ዝም ይላል። የማልወደው በየቀኑ ስጦታ አለህ እያለ የሚጠራውን፣ አንድ ቀን ብትቀር የሚቀጣውን ነው። መቼ እንደምጫወት ጌሙ ሊወስንልኝ አይገባም። በዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው።

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። ፐብጂ ይጫወታል። መቶ ሰው ሜዳ ላይ ይወርዳል፣ የመጨረሻው የቆመ ያሸንፋል። ባለፈው ወር እናቴ አቦሉን ቀድታ ጠራችው። «ቆይ እማማ፣ አይቆምም» አላት። እናቴ ገረማት። «እንዴት ነው የማይቆመው? ቁልፍ የለውም?» አለችኝ። እኔም ልቆጣው ተነስቼ ሄድኩ። አጠገቡ ስደርስ ግን በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ የልጆች ድምፅ ሰማሁ። ሦስት ናቸው፣ አንዱ ሆጤ፣ አንዱ ሮቢት፣ አንዱ ኮምቦልቻ። አንዱ ቆስሎ «ድረስልኝ» እያለ ይጮኻል። ልጁ ፊቱ ላብ አውጥቷል። ከኋላው ማንም አልቆመም፣ ግን አንገቱ ላይ ያለውን ትንፋሽ አወቅኩት።

ተመልሼ «እማዬ፣ ሰው እየጠበቀው ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። የዱቄቱን ቀን ታስታውስ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሲኒውን አንስታ እንዳይቀዘቅዝ ወደ ጀበናው መለሰችው።

ወደ እሁዱ ልመለስ። 63ኛው ደቂቃ፣ አንድ ለአንድ፣ ፖዝ ላይ ነን። የጎማ ዋጋ ላይ ስንደርስ ስልኬ ጠራ፣ ኢሞ ነው። ከሪያድ። እሁድ ለሱ የሥራ ቀን ነው፤ ሹፌር ስለሆነ በዕረፍቱ መሀል አሥር ደቂቃ ሲያገኝ ይደውላል። ሰዓታችን አንድ ነው፣ ሪያድም ዘጠኝ ሰዓት ነው። እዚያ ግን ፀሐዩ መስታወቱን አልፎ ፊቱን ነጭ አድርጎታል። እኛን በጋቢ ሲያየን ሳቀ። እናቴን «እማማ፣ ቡናው ደረሰ?» አላት። «ቶና ላይ ነን የኔ ጌታ፣ ያንተን ሲኒ ደርድሬዋለሁ» አለችው። ሁሌም ትደረድረዋለች።

«ስንት ለስንት ናችሁ?» አለ።

«አንድ ለአንድ።»

«ኳሷ የማን ናት?»

«የኔ።»

«አሳየኝ እስኪ።»

ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርኩት። ሥዕሉ ቆሟል፣ ተጫዋቾቹ ከሜኑው ጀርባ አንድ እግራቸውን አንስተው ቀርተዋል። እሱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁት።

«አለሁ» አለ። «በግራ በኩል ያለውን ልጅ አላየኸውም።»

ቀረብ ብዬ አየሁ። ልጁ ክፍት ነው።