ሳላካፍል የጻፍሁት ቁጥር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ለአንድ ስብሰባ የሚቀርብ የካርቦን ልቀትን የሚመለከት አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ታዝዤ ነበር። አገሮችን በጠቅላላ ልቀታቸው በቅደም ተከተል ሳሰፍር ቻይና፣ አሜሪካና ሕንድ ከላይ ተቀመጡ፤ ሦስቱ በሕዝብ ብዛትም ቀዳሚዎች በመሆናቸው «የልቀት ዋነኛ ምክንያት የሕዝብ ብዛት ነው» ብዬ ጻፍሁ። አርባ ቅጂ ተባዝቶ ከተጠረዘ በኋላ የክፍላችን ኃላፊ አንዱን ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ።

«የኳታር ሕዝብ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሦስት ሚሊዮን አይሞላም።»

«የእኛስ?»

«ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው።»

«እስቲ ልቀቱን ለሕዝቡ አካፍለህ አሳየኝ» ብለው ቅጂውን ትተውልኝ ሄዱ።

ከነዳጅና ከሲሚንቶ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ወስጄ ሳካፍለው፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ በዓመት ከ0.2 ቶን በታች፣ የአንድ የኳታር ነዋሪ ደግሞ ከ30 ቶን በላይ ሆነ። እርግጥ ኳታር ለውጭ ገበያ የምታቀርበውን ጋዝ ወደ ፈሳሽ ለመለወጥ የምታቃጥለውም በእርሷ ስም ይቆጠራል፤ ያም ሆኖ ልዩነቱ በዚህ ብቻ የሚጠፋ አይደለም። እኔን እጅግ የከበደኝ ዓረፍተ ነገሬ ያዘለው ፍርድ ነበር፤ በኩበት እንጀራ የምትጋግረውን የገጠር እናት፣ ልጆች ስለ ወለደች ብቻ፣ በሁለት መኪና ከሚንቀሳቀስ ቤተሰብ በላይ ተጠያቂ ያደርጋታል።

ወዲያው «ምክንያቱ ሀብት ነው» ብዬ አረምሁት። ኃላፊዬ ይህንንም አልተቀበሉትም። አንድ ደቡብ አፍሪካዊ በአማካይ ከአንድ ፈረንሳዊ እጅግ ያነሰ ገቢ እያለው በልቀት ይበልጠዋል፤ የደቡብ አፍሪካ መብራት በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰል፣ የፈረንሳይ ደግሞ በአብዛኛው ከኒውክሌር ኃይል የሚመነጭ ነውና። ጃፓናዊው የኃይል ኢኮኖሚ ምሁር ዮይቺ ካያ ልቀትን የአራት ነገሮች ብዜት አድርጎ ማስቀመጡን ያስረዱኝም ያን ጊዜ ነው፤ እነዚህም የሕዝብ ብዛት፣ የነፍስ ወከፍ ገቢ፣ ያንን ገቢ ለማስገኘት የሚፈጀው ኃይልና ከኃይሉ የሚወጣው ካርቦን ናቸው።

ሆኖም የሕዝብ ብዛትን ጨርሼ ልሰርዘው አልቻልሁም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገራችን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ የ2010 ልቀታችንን ሌሎቹንም በካይ ጋዞች ጨምሮ 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ አድርጎ ሲገምት፣ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን የሚመጣ መሆኑን አስፍሯል። የማገዶና የእርሻ መሬት ፈላጊው ቤተሰብ ሲበዛ ደኑ ይመነጠራል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ የሰው ቁጥር በእርግጥ ይመዝናል፤ የሚመዝንበት መንገድ ግን እኔ በመጀመሪያ ከጻፍሁት የተለየ ነው።

በዚያ ምሽት አርባውን ጥራዝ አንድ በአንድ ፈትቼ ሠንጠረዡ ያለበትን ገጽ ለወጥሁ። በአዲሱ ሠንጠረዥ ከጠቅላላው ልቀት ቀጥሎ የሕዝብ ቁጥር፣ የነፍስ ወከፍ ልቀትና የነፍስ ወከፍ ገቢ፣ በመጨረሻም እያንዳንዱ አገር መብራቱን በምን እንደሚያመነጭ ሰፍሮ ነበር።