አርባ ፎቶ በ24 ሜጋባይት፦ የደሴና የኮምቦልቻ የቤተሰብ አልበም እስካሁን የደረሰበት

ደሴና ኮምቦልቻ ያለ ቤተሰብ ፎቶውን በትንሽ ዳታ በጋራ አልበም ለማየት ሲሞክር አሁን የጸናው አሠራር ይሄ ነው። ፎቶው ስልኩ ላይ እያለ ይቀነሳል፣ ጉግል ፎቶስ አልበም ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫናል፣ ለቤተሰቡ የሚላከው ሊንኩ ነው። ያልተቀነሰው ዋናው ፎቶ ዳታ አይነካም፤ ፍላሽ ዲስክ ላይ ይቀመጣል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይሆናል። ለአረፋ የተነሳ 40 ፎቶ እንዳለ ቢጫን ወደ 160 ሜጋባይት ይፈጃል። ይሄ የጫኚው ድርሻ ብቻ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ያሉት እናት፣ ኮምቦልቻ ያለው ወንድም፣ ጂዳ ያለችው እህት እያልን ስድስት ሰው ቢያወርደው 960 ሜጋባይት ከቤተሰቡ ኪስ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳው ለመጫኛው ነው፤ ካርዱ የሚያልቀው ግን በአውራጆቹ በኩል ነው። ያው ፎቶ ረጅሙ ጎኑ 2048 ፒክስል እንዲሆን ሲቀነስ 600 ኪሎባይት አካባቢ ይሆናል። አርባው 24 ሜጋባይት፣ ለስድስቱ ሰው 144 ሜጋባይት ማለት ነው።

«ጥራቱ ይሞታል» የሚለው ስጋት በአብዛኛው ልክ አይደለም። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሚታጠብ ፎቶ 1800 በ1200 ፒክስል ገደማ ካገኘ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ 2048 በ1536 ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ሳሎን የሚሰቀል ትልቅ ፍሬም ሲፈለግ ብቻ ዋናውን ከፍላሽ ማውጣት ግድ ነው።

መቀነሻው ላይ አንድ አደጋ አለ። አንዳንድ ማስተካከያ አፖች የተቀነሰውን ዋናው ላይ ደርበው ያስቀምጡታል፤ አንዴ ከተደረበ መመለሻ የለውም። መጀመሪያ በአንድ ፎቶ ሞክሩና ጋለሪው ውስጥ ሁለቱም መኖራቸውን አይታችሁ ወደሌሎቹ እለፉ። ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ የሚቀንስ አፕ ምረጡ፤ አርባውን አንድ በአንድ መቀነስ ሰው ያሰለቻል፣ የሰለቸ ሰው ደግሞ እንዳለ ይጭነዋል።

ቴሌግራም የሚጠቀም ቤተሰብ አቋራጭ አለው። ፎቶው እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ራሱ በመደበኛው ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። ለስልክ ይበቃል፣ 10 በ15 ታጥቦም ያስኬዳል። አንዴ «ሴቭድ ሜሴጅ» ውስጥ ካስገባችሁት በኋላ ከዚያው ፎርዋርድ አድርጉ። ፎርዋርድ የተደረገ ፎቶ ሰርቨሩ ላይ ስላለ እንደገና አይጫንም። ለእያንዳንዱ ዘመድ ከጋለሪ እየመረጠ የሚልክ ሰው ግን ያንኑ ፎቶ ስድስት ጊዜ ሊከፍልበት ይችላል። ተቀባዮቹም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ገብተው በሞባይል ዳታ በራሱ የሚያወርደውን ያጥፉት፤ ያኔ የነኩት ብቻ ይወርዳል።

ጉግል ፎቶስ ላይ ትልቁ የዳታ ሌባ ባክአፑ፣ ማለትም የስልኩን ፎቶ በራሱ የሚጭነው ነው። የመገለጫ ምስሉን ነክታችሁ የፎቶስ ሴቲንግ፣ ባክአፕ፣ ሞባይል ዳታ ዩሴጅ ድረስ ግቡና የቀን ገደቡን ወደ «ኖ ዳታ» መልሱት። ቪዲዮን በዳታ ባክአፕ የሚያደርገውም መጥፋቱን አረጋግጡ፤ በ1080 ጥራት የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ብቻውን 100 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱም ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር የጋራ ነው። ከሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቦታ ቆጣቢው «ስቶሬጅ ሴቨር» ተመርጦ የሚገባውም ከዚሁ ይቆጠራል። ስቶሬጅ ሴቨር የሚቀንሰው ደግሞ ከ16 ሜጋፒክስል በላይ የሆነውን መጠን ነው፤ የ12 ሜጋፒክስሉን ፎቶ ፒክስል ስለማይነካው በእጅ መቀነሱ አይቀርም።

ስልኩ ሲሞላ የሚመጣው ስህተት ከሁሉም ያሳዝናል። ባክአፕ የተደረገ ፎቶ ከጉግል ፎቶስ ላይ በ«ዲሊት» ሲጠፋ ከስልኩም ከክላውዱም ይጠፋል። ስልኩን ብቻ ማቅለል ከሆነ የተፈለገው «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለው ነው። በስህተት የጠፋ ካለ ትራሹን ቶሎ ክፈቱ፤ ባክአፕ የነበረው 60 ቀን ይቆያል።

ፎልደሩን በዚፕ ጠቅልሎ ድራይቭ ላይ መጫን ተሞክሮ ተትቷል። መስመሩ መሃል ላይ ሲቆረጥ ተቀባዩ ብዙ ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል፣ እስከዚያ የወረደውም ዳታ ይባክናል። ከ10 እስከ 15 ፎቶ እየከፈላችሁ ጫኑ፤ ቢቆረጥም የሚጎዳው ያ ዙር ብቻ ነው። የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ከሆነ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አዲስ ዙር አትጀምሩ፤ የተረፈው ከመደበኛው ሒሳብ መቁረጥ ይጀምራል።

ዋናዎቹ ፎቶዎች ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ ቢመጡ ይሻላል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ዘመድ በወር ጥቅል የማይገፋውን ያደርሳል። በዓል ላይ ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ ዜንደር የሚባለው አፕ ስልክ ከስልክ ያለ ኢንተርኔት ያስተላልፋል፣ ሁለቱም ዳታቸውን አጥፍተው።

በዚህ ዙር የተጀመረው የድሮው አልበም ነው፤ ብዙ ትዕግሥት የጠየቀውም እሱ ነው። ፎቶው መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ የካሜራው ፍላሽ ይጠፋል፣ ስልኩ ከላይ ልክ ለጥ ብሎ ይያዛል። ትንሽ ካጋደለ አራቱ ማዕዘን ይጣመማል። የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ያለው ብርሃን ከጠራራ ፀሐይ ይሻላል፤ ጥላም ነጸብራቅም አይጥልም። ፎቶው ከፕላስቲኩ ጋር ከተጣበቀ አትላጡት፣ ቀለሙ አብሮ ይነሳል። ከነፕላስቲኩ አንሱትና ከስልኩ በላይ ጥቁር ጨርቅ ዘርጉ፤ የሚያብረቀርቀው ነገር ይጠፋል። ገልብጣችሁ ጀርባውንም አንሱ። «ለማስታወሻ» ብሎ የሚጀምር የእጅ ጽሑፍ፣ የስቱዲዮ ማኅተም፣ ቀን፤ የሰውየው ስም የሚገኘው እዚያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀኑን ማስተካከል አይዘለል፤ አለዚያ የጥር 1975 ዓ.ም. ሠርግ ከዘንድሮው ኢድ ጎን ይደረደራል። ጉግል ፎቶስ ላይ ፎቶውን ከፍታችሁ ወደ ላይ ስትጎትቱ ቀኑ ይመጣል፣ ነክታችሁ ቀይሩት። የሚቀበለው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ 7፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8 ዓመት ጨምሩ። ያ ሠርግ 1983 ላይ ይገባል። እንደ ፎቶ በቴሌግራም ያለፈ ምስልም የተነሳበትን ቀን ይጥላል፤ ስለዚህ አልበሙ ውስጥ የሚገባው ከጋለሪ የተቀነሰው ቅጂ ይሁን።

ሊንኩን የያዘ ሁሉ አልበሙን ያያል። ትልቅ ግሩፕ ላይ አትለጥፉት፣ በተለይ የልጆችና ቤት ውስጥ ያለ መጎናጸፊያ የተነሱ ሴቶች ፎቶ ካለበት። ለነሱ ሌላ አልበም ክፈቱ፣ ሊንኩም ፈቃዳቸው ተጠይቆ ለተመረጡት ብቻ ይሂድ።

ያልተፈታው ቪዲዮው ነው። የኒካውን የ12 ደቂቃ ቪዲዮ ወደ 480 ጥራት ማውረድ በጣም ያቀለዋል፣ ግን ከሩቅ የተቀረጸ ፊት አይለይም። ለጊዜው ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ተቆርጦ በ720 ይጫናል፤ ሙሉው በፍላሹ ይጠብቃል።