«ሊንኩ አይሰራም» ሲሉኝ መጀመሪያ የማየው

እዚህ ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለኮሚኒቲያችን የዝግጅት ማስታወቂያ የምናወጣው በትርፍ ሰዓታችን ነው። በዓል ሲቃረብ መልእክቱ ይዥጎደጎዳል። «ልጄ፣ ሊንኩ አልከፍት አለኝ።» ከዚያ ስክሪንሾት ይከተላል። የሚታየው ትልቅ 404፣ ማለትም «ገጹ አልተገኘም» ነው፣ አድራሻው ግን ተቆርጦ ቀርቷል።

ስክሪንሾቱ ብዙም ስላልጠቀመኝ ወደ ሰርቨሩ ሎግ (የተጠየቀው አድራሻ ሁሉ ወደሚመዘገብበት ፋይል) ዞርኩ። 404 የተመለሰላቸውን አድራሻዎች ብቻ አውጥቼ በብዛታቸው ደረደርኳቸው። የሚገርመው ከላይ የመጡት ገጾች አንዳቸውም አልጠፉም፣ ሁሉም በቦታቸው አሉ! ችግሩ ያለው ጭራቸው ላይ ነው። ሁሉም በአንድ ዓይነት የፐርሰንት ምልክት ቁርጥራጭ ያልቃሉ። ስፈታው አራት ነጥብ ሆኖ አረፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንዱ ግሩፕ ላይ «ትኬት እዚህ ቁረጡ» ይልና ሊንኩን ለጥፎ፣ እንደ ጨዋ ጸሐፊ ዓረፍተ ነገሩን በ«።» ይዘጋል። ብዙ አፖች መጨረሻ ላይ የእንግሊዝኛ ነጥብ ሲያዩ ከሊንኩ ውጭ ያደርጓታል፤ የእኛን አራት ነጥብ ግን አንዳንዶቹ የአድራሻው አካል ነው ብለው ይውጡታል። ሰዉን «ክፍተት ተዉ» ብሎ መለመን ዋጋ የለውም። ሰርቨሩ ላይ አንድ ሪዳይሬክት ጻፍኩ፦ አድራሻው በ«።»፣ በ«፣» ወይም በ«፤» ካለቀ ምልክቱን ቆርጦ ወደ ትክክለኛው ገጽ ይላክ። መጀመሪያ በ302፣ ማለትም በጊዜያዊ ሪዳይሬክት ሞክሩት። 301 «ለዘለቄታው» ማለት ስለሆነ ብራውዘሮች ያስታውሱታል፣ ከተሳሳተ ደግሞ ከሰው ስልክ ላይ ማስለቀቁ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ሁለተኛው ጣጣ በአማርኛ የተጻፉ አድራሻዎች ናቸው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ኮድ) ሦስት ባይት ይይዛል፤ አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊ ይጻፋል። «እንቁጣጣሽ» ብቻዋን 54 ቁምፊ ትሆናለች ማለት ነው። እንዲህ የረዘመ ነገር ኢሜይል ላይ መሃሉ ይሰበርና ግማሹ ብቻ ሊንክ ሆኖ ይቀራል። በእጁ የሚጽፍ ሰው ደግሞ «ፀሎት» ይላል፣ ገጹ በ«ጸ» ተመዝግቧል። ለእኛ አንድ ነው፣ ለሰርቨሩ ግን ሌላ ፊደል ነው። አሁን ርዕሱን በአማርኛ፣ አድራሻውን አጭር አድርጌ በላቲን ፊደል አወጣለሁ። አንዳንዱ ቅር ይለዋል፤ እኔም ባይሆን እወድ ነበር።

ከሁሉም የከፋው ግን ያለምንም ስህተት የሚከፈት ሊንክ ነው። ዝግጅቶቹ በዓመት ተከፋፍለው ስለነበር አንድ ሰው የመስከረም 1 ቀን 2017ን በዓል ሲፈልግ አድራሻው ላይ 2017 ብሎ ይጽፋል። በዓሉ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው፤ ሰርቨሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን 2017 ነው። ሰባት ዓመት ያለፈበትን ፒክኒክ ከነፓርኩ አድራሻ ቁልጭ አድርጎ ያሳየዋል። ሊንክ መፈተሻ መሣሪያ ይህን አይነግራችሁም፣ ለእሱ 200፣ ማለትም «ገጹ ተገኝቷል» ከመጣ ሁሉም ሰላም ነው። ዓመቱን ከአድራሻው አወጣሁት፣ ገጹ አናት ላይም ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አደረግሁ።

ድራይቭ ላይ የተቀመጡ ፍላየሮች ቀላል ናቸው፤ «ፈቃድ ይጠይቁ» ካለ ፋይሉ አለ፣ የተዘጋው ለሕዝብ ነው። እነዚህን በሌላ ስልክ፣ አካውንት ሳትገቡ ክፈቷቸው፤ ከራሳችሁ ስልክ ሁሌም ይከፈታሉ።

እንጀራ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ኪውአር ኮድ ግን አንዴ ከታተመ አይታረምም። በነፃ የሊንክ ማሳጠሪያ የተሠራ ከሆነና ማሳጠሪያው ከተዘጋ ወረቀቱ ለጌጥ ይቀራል። አሁን ኮዱን የማሠራው በራሳችን ዶሜይን ላይ ወዳለ አጭር አድራሻ ነው፤ ከኋላ የሚሄድበትን በፈለግሁ ጊዜ እቀይረዋለሁ።

የቀሩት የእውነት የሞቱት ናቸው፦ ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ የጠፉ የትኬትና የአዳራሽ ገጾች። የድሮ ድረ-ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ላይ ቅጂ ካለ ወደዚያ አዞርኩት። ከሌለ ሊንኩን አንስቼ ጽሑፉን ብቻ ተውኩ። ለአዲሶቹ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቦታውን አድራሻ ማስታወቂያው ውስጥ ራሱ እጽፋለሁ፤ የትኬቱ ሊንክ ቢሞትም እንግዳው አዳራሹን አያጣም።