የኤለን ዶናን ግንብ ታሪክ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ወዳጆች፣ የስኮትላንዱን የኤለን ዶናን ግንብ ታሪክ በአማርኛ መጻፉን ቀጥያለሁ። ግንቡ ሦስት የባሕር ሰርጦች በሚገናኙበት ትንሽ ደሴት ላይ የቆመ ነው፤ ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። ፎቶው የማይናገረው ግን ትልቁን ነገር ነው፦ ዛሬ የምናየው ሕንፃ በአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመረው ግንብ እ.ኤ.አ. በ1719 ፈርሶ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፍርስራሽ ሆኖ ቆየ። ጆን ማክሬ ጊልስትራፕ የተባሉ መኮንን ደሴቲቱን በ1911 ገዝተው መልሰው አስገነቡት፤ ሥራው ያለቀው በ1932 ነው። ያ የታወቀው የድንጋይ ድልድይም የተሠራው ያኔ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ምኑ የድሮ፣ ምኑ የአዲስ እንደሆነ እጽፋለሁ።

ከመፍረሱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳየን ወታደራዊ መሐንዲሱ ሉዊስ ፔቲ በ1714 የሣለው የልኬት ሥዕል ነው። በሥዕሉ ላይ ግንቡ ያን ጊዜም አርጅቷል፣ አብዛኛው ክፍሉ ጣሪያ የለውም። ይህን ያየ ሰው «ሙሉ ሆኖ ሳለ ፈረሰ» ብሎ ሊጽፍ አይችልም። የሚያሳዝነው ሥዕሉ የተገኘው መልሶ ግንባታው ሊያልቅ ሲል መሆኑ ነው። የመሠረቱ አቀማመጥ የድሮውን ቢከተልም መልኩ የተለየው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ የደከምኩበት የ1719ኙ ክፍል ነው። ከዙፋን የወረደውን የስቱዋርት ንጉሣዊ ቤተሰብ ወደ ዙፋን ለመመለስ የተነሱት ጃኮባይቶች ግንቡን የባሩድ ማከማቻ አድርገው ሊረዷቸው ከመጡት የስፔን ወታደሮች ጥቂቱን አስቀመጡበት። እሑድ ሜይ 10 ዎርስተር፣ ፍላምቦሮና ኢንተርፕራይዝ የተባሉ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች መጡ። ለድርድር በላኳት ጀልባ ላይ ከግንቡ ተተኮሰ፤ መርከቦቹም መድፋቸውን ከፈቱ። በማግሥቱ ምሽት ባሕርተኞች ወርደው ያዙት። የዎርስተር መዝገብ የተገኘውን ይቆጥራል፦ 39 የስፔን ወታደሮች፣ ጥቂት አለቆቻቸው፣ 343 በርሜል ባሩድ፣ 52 በርሜል ጥይት። ብዙዎች ከዚህ ተነስተው «343ቱ በርሜል ግንቡን ናደው» ይላሉ። ለማፍረስ የዋለው ግን 27 በርሜል ነው፤ ሥራውም ሁለት ቀን ፈጅቷል። በግምጃ ቤት የተገኘውና ለማፍረስ የወጣው ሂሳብ ለየቅል ነው።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱ ደግሞ የስልክ መቀየሪያን እንዳታምኑ። ብሪታንያ እስከ 1752 ድረስ የምትጠቀመው በጁልየስ (በድሮው የአውሮፓ) አቆጣጠር ስለነበር፣ መቀየሪያው ሜይ 10ን ጎርጎርዮሳዊ አድርጎ ይወስድና 11 ቀን ያስቀድማል። እኛና የጁልየስ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ስለምንጨምር ርቀታችን ከዘመን ዘመን አይለዋወጥም፤ የጁልየስ ሜይ 10 ምንጊዜም ግንቦት 15 ነው። ግንቡ የተደበደበው እንግዲህ ግንቦት 15 ቀን 1711 ዓ.ም. ነው። ለማረጋገጥ የሳምንቱን ቀን እዩ፦ በጁልየስ እሑድ ይውላል፣ በጎርጎርዮስ ብትቆጥሩት ግን ረቡዕ ይወጣል። ይህን ስሌት ለምትጽፉት የአውሮፓ ታሪክ ሁሉ እመክራለሁ፤ አገሩ አቆጣጠሩን የቀየረበትን ዓመት ብቻ አስቀድማችሁ እወቁ።

አፈ ታሪኩን አልጣልኩትም። የስኮትላንዱ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ በ1306 ተሸሽጎበት ነበር የሚባለውን፣ የመልሶ ግንባታው ግንበኛ ፋርኳር ማክሬ የግንቡን መልክ በሕልሙ አየ የሚባለውን፣ ሁለቱንም «ይባላል» ብዬ ከመዝገቡ ለይቼ አስቀምጫለሁ። የአካባቢው ሰው ግንቡን የሚወደው በእነዚህም ጭምር ስለሆነ መቅረታቸው ልክ አይመስለኝም።

የሚቀጥለው ሥራዬ የፔቲን ሥዕል ከዛሬው ሕንፃ ጋር ግድግዳ በግድግዳ ማስተያየት ነው። እስካሁን የያዝኩት የአጥቂዎቹን ቃል ስለሆነ፣ ከእናንተ መካከል ስፓኒሽ የሚያነብ ካለ በስፔን በኩል የተጻፈውን አብረን እንፈልግ።